ሚጢ አላኮረፈችሽም

ጥር 23 ቀን፣ ቅዳሜ ከሰዓት
ከፎቶ ኮፒ ቤቱ

ሆዴ፣ የሚጢ እናት፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ድረስ ይምጣልሽ። የእግርሽ እብጠት ጎደለልሽ ወይ? የምትጦሪያቸው ሴትዮስ ዛሬም ሾርባው ቀዘቀዘ እያሉ ሦስቴ ያመላልሱሻል? እኔ ደህና ነኝ። ማሽኑ ብቻ እንደ ልማዱ ወረቀት እየጎረሰ ያስቸግረኛል።

በስልክ ያልነገርኩሽን ልጽፍልሽ ነው። ልነግርሽ ስል ሦስት ጊዜ "ኔትወርኩ አስቸገረ" ብዬ ዘግቼብሻለሁ። ኔትወርኩ ምንም አልሆነም ነበር።

ባለፈው እሑድ በቪዲዮ ስትደውዪ "ልጄ ጥያት በመሄዴ ቂም ይዛብኛለች፤ ፊቷን እያዞረች ነው የምታናግረኝ" ብለሽ አለቀስሽ። ሆዴ፣ ሚጢ አላኮረፈችሽም። ፊቷን የምታዞረው ልታይሽ ብላ ነው። ቀጥ ብላ ካየችሽ ትጠፊባታለሽ።

ከመጀመሪያው ልንገርሽ። አስራ አንደኛ ክፍል እንደገባች አማካሪ መምህርቷ ወላጆችን ሰብስባ "ኮሌጅ የሚገባው በአስራ ሁለተኛ እንዳይመስላችሁ። ዘንድሮ ነው። የአስራ ሁለተኛውን ፈተና የሚወስነው የዘንድሮ ጥናት ነው" አለችን። ሚጢ የኮሌጆቹን ዝርዝር በራሷ እጅ ጽፋ አልጋዋ ራስጌ ለጠፈች። አንደኛ ምርጫ፣ የሕንፃ ንድፍ። ሁለተኛም ሦስተኛም እሱው። "ልጄ፣ ለመጠባበቂያ ሌላ አትጨምሪም?" ብላት "አባ፣ መጠባበቂያ ያለው ሰው ይሰንፋል" አለችኝ። ያንቺው ልጅ አይደለች!

ከሁለት ወር በኋላ የሒሳብ ውጤቷ አሽቆለቆለ። መምህሩ አስጠርቶኝ የመለማመጃ ፈተናዋን አሳየኝ። ስሌቱ ልክ ነው፤ መልሱን ግን የምታጠቁረው አንድ መስመር እየዘለለች ነው። "ሐሳቧ ሌላ ቦታ ነው" አለኝ። ቤት ገብቼ ስጠይቃት ፊቷን ወደ ግድግዳው መለስ አድርጋ መለሰችልኝ። ንቀት መሰለኝ። "አባትሽ ሲያናግርሽ ግድግዳ ታያለሽ? ይሄ ስልክ ነው ያበላሸሽ!" ብዬ ስልኳን ነጠቅኋትና ሱቅ ወስጄ መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት።

ለካ ሰሌዳውን በስልኳ ፎቶ እያነሳች፣ በጣቷ እያሰፋች ነበር የምትማረው። ስድስት ሳምንት ሙሉ ዐይኗን ቆልፌባት ነበር ማለት ነው።

የነቃሁት እንዲህ ነው። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት በቀጥታ ሱቅ መጥታ የባዮሎጂ መጽሐፏን ባንኮኒው ላይ ዘረጋችና "አባ፣ ይሄን ገጽ አስፋልኝ" አለች።

"ግድግዳ ላይ ልትሰቅዪው ነው?" ብዬ ቀለድኩ።

"አይ፣ ላነበው ነው።"

አስፍቼ ሰጠኋት። "ትንሽ ጨምርበት" አለች። ጨመርኩበት። አንዱ ገጽ አራት ወረቀት ሲሆን ማሽኑን አጠፋሁት።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አልኳት።

"ከክረምት ጀምሮ። መነጽር የሚያድነው መስሎኝ ነበር። የጓደኛዬን ብሞክረው እምቢ አለኝ።"

መሳቢያውን ከፍቼ ስልኳን ስሰጣት ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሷ ግን "ምን ታውቃለህ፣ አልነገርኩህ" አለችኝ። እኔን ማጽናናቷ!

በማግስቱ ዐይን ሐኪም ቤት ወሰድኳት፤ ሐኪሟ ቁጭ አድርጋ በቀስታ ነገረችን። የሚጢ ዐይን ከውስጥ በኩል መሃሉ እየሞተ ነው። ዳር ዳሩን ታያለች፤ መሃሉ ይጠፋል። መነጽርም ቀዶ ጥገናም አይመልሰውም። "መጀመሪያ የሚሄደው ፊደል ነው፤ ቀጥሎ የሰው ፊት" አለች። ፊት ለመለየት ስንት ጊዜ እንደቀራት ሐኪሟን ስጠይቃት "ምናልባት እስከሚመጣው ክረምት" አለችኝ። ሚጢ አላለቀሰችም። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው። "ኮሌጅ ይቀበሉኛል?"

ስንመለስ መንገድ ላይ እጄን ይዛ "ለእማ እንዳትነግራት። ከሰማች ሥራዋን ጥላ ትመጣለች" ብላ አስማለችኝ። ማልኩላት። ይኸው ዛሬ መሐላዬን አፈረስኩ።

አሁን የማነብላት እኔ ነኝ። ገበያ ቀዝቀዝ ሲል ባንኮኒው ጀርባ ጎን ለጎን እንቀመጣለን። ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩት ሰውዬ "ፎቶሲንተሲስ" ስል ምላሴ ሲተሳሰር ትስቅብኛለች። "አባ፣ አንተም ከኔ ጋር ኮሌጅ መግባትህ ነው!" ትለኛለች። ደንበኛ ሲመጣ እናቋርጣለን፤ ሲሄድ እንቀጥላለን። ዝርዝሩን ከራስጌዋ አንስታዋለች። ከአማካሪዋ ጋር ሆነው ሌላ ጽፈዋል፤ ሕግ። "በጆሮ የሚማሩት ነው" አለችኝ፣ ደስ ያላት ለመምሰል እየጣረች። ማክሰኞ ደግሞ ማስመሪያዋንና የንድፍ ብዕሮቿን በጋዜጣ ጠቅልላ አምጥታ "ለሱቁ ይሆኑሃል" አለችኝ። በረጅሙ ማስመሪያ ወረቀት እቆርጥበታለሁ። ካልተጠቀምኩበት ይከፋታላ።

ውልሽ ሊያልቅ ዓመት ከስምንት ወር እንደሚቀረው አውቃለሁ። ለማን ብለሽ እንደሄድሽም አውቃለሁ። ስለዚህ እንዲህ አድርጊ፣ እንዲያ አድርጊ አልልሽም።

ትናንት ግን እያነበብኩላት አስቆመችኝ።

"አባ፣ እማ ግንባሯ ላይ ያለው ጠባሳ በቀኝ ነው በግራ?"

"በግራ ነው" አልኳት።

"እኔ በቀኝ ይመስለኝ ነበር" አለች።

ሚጢ ወደ ቤት ከሄደች በኋላ ያሉኝን ፎቶዎችሽን ሁሉ አገላበጥኩ። በሁሉም ላይ፣ በቪዲዮውም ቢሆን፣ ሻሽሽ ከልሎታል። ከሄድሽ ሦስት ዓመት፣ ቀላል አይደለም፤ እኔም ተጠራጠርኩ።

መልሱን ግን በደብዳቤም በስልክም አትላኪልን።

አምላክ ጤናሽን ይጠብቅልሽ። መንገዱ ሁሉ ይቃናልሽ።

የሚጢ አባት