በላሚናጽያ ስለ ተለበጡት ስሞቻችን

ለሰፈራችን የሕዝብ አዳራሽ፣ ለማትናሱ ሥራ አስኪያጅ፣ ለተከበሩት ወይዘሮ፣ ለግቬሬት ዲክላ
ናታንያ

ክብርት ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤና፣ የልጆችዎን ጤና፣ የቢሮዎንም ማቀዝቀዣ ጤና እጠይቃለሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ ከእኛ ጋር የሚኖሩት ሙታን ግን ደኅና አይደሉም። ይህን ደብዳቤ በሰው ሁሉ ፊት የምጽፍልዎም ስለ እነሱ ነው።

እኔ እዚሁ ናታንያ በባሕሩ ዳርቻ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ አንሶላ የማጥፍ ሴት ነኝ፤ ትምህርቴም እንደ ነገሩ ነው፤ ስህተት ቢያገኙ እንደ ልማድዎ አይተው እንዳላዩ ይለፉልኝ። ዓይነ ስውሩን ወንድሜን ይታየውን ያውቁታል። ወደ ኢየሩሳሌም ስንመጣ በሱዳን መንገድ የቀሩትን በምናስብበት ቀን፣ በአዳራሽዎ ቆሞ ስማቸውን በጣቱ እያነበበ የሚጠራው እሱ ነው። የሟቹ ስም ሲጠራ ቤተሰቡ ብድግ ይላል፤ መቃብር የለንምና ሐዘናችን ያቺው ብድግ ማለት ናት። በቃሉ ለምን አይጠራቸውም እንዳይሉኝ፤ አንድ ጊዜ በቃሉ ሲጠራ የአንዲት ሕፃን ስም ዘለለና እናቷ እንደ ተቀመጠች ቀረች። ከዚያ ወዲህ ያለ ጽሑፍ አልቆምም ብሏል። ማትናሱ የብሬል ማተሚያ ሲያስገባ እልል ያልነው እኮ ለዚህ ነበር። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

፩ኛ፦ ለመጀመሪያው ወረቀት ቶዳ ራባ። የቢሮ ማባዣ ወረቀት ነበር፣ ስስ። ማተሚያው ወረቀቱን በመርፌ ከጀርባ እየገፋ ነጥብ የሚያሳብጥ ነውና እንደ ወንፊት በሳስቶ አወጣው፤ ሳይበሳ የቀረውም እብጠት ጣት አንዴ ሲያልፍበት ተኛ። ይታየው ሊለማመድ ስሞቹን አንብቦ ሲመለስባቸው ግማሾቹ አልነበሩም። እርስዎ ግን ወረቀት ያው ወረቀት መሆኑን አስረዱን፤ ይህን ዕውቀት እንዴው ከየት እናገኘው ነበር?

፪ኛ፦ ከልጆች በዓል ለተረፈው፣ ፊኛ ለተሣለበት አንጸባራቂ ካርቶንም አመሰግናለሁ። ለዓይነ ስውር ሰው ሥዕል ያለው ወረቀት ማሰብ ትልቅ ልብ ይጠይቃል። ማሽኑ እንደ ሳምባ በሽተኛ ሲያስል ቆይቶ መርፌው ተጣመመ፤ የካርቶኑም ልባጭ ተሰነጣጥቆ የወንድሜን ጣት ቧጠጠው።

፫ኛ፦ በመጨረሻ ማሽኑን የሚጠግነው ኖአም፣ ይባረክና፣ ትክክለኛውን ወረቀት አመጣ፦ ወፈር ያለ፣ የማያብለጨልጭ፣ እንደ ፖስት ካርድ ጠንካራ። ነጥቦቹ እንደ ሰሊጥ ቆመው ወጡ። ይታየው ጣቱን አሳለፈባቸውና ታሪኳን አገኘኋት ብሎ ሳቀ። ታሪኳ ታናሻችን ናት፤ ከሱዳን መጠለያ አልወጣችም።

ደግነትዎ የበዛው እዚህ ላይ ነው። ወረቀቶቹ በእጅ ብዛት እንዳይቆሽሹ፣ ለዘላለምም እንዲኖሩልን ብለው፣ በዕለቱ ዋዜማ ሁሉንም ላሚናጽያ በሚሉት፣ ፕላስቲክ በሚለብጥ ትኩስ ማሽን አሳለፏቸው። ያ ማሽን እየተኮሰ የሚጫን ነውና፣ ቆመው የነበሩትን ሁሉ አስተኛቸው።

በማግስቱ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ይታየው ወረቀቱን ዳሰሰ፤ ገለበጠ፤ ደግሞ ዳሰሰ። እንደ መስኮት መስታወት ልሙጥ ነበር። ሽማግሌዎቹ ስም ሲጠራ ሊነሡ ጉልበታቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። እሱም ወደ እኔ ዞሮ ቀስ ብሎ፣ «ፈንታዬ፣ እዚህ ማንም የለም» አለኝ። ድምፅ ማጉያው ግን ለሁሉም አደረሰው። በዚያ ቀን ማንም ብድግ ያለ የለም።

ከዚያ ወዲህ ወንድሜ ያበጠ ነገር ሁሉ ያነባል። የግድግዳችንን ቀለም ይዳስሳል። ወደ ባሕሩ ዳርቻ ይዤው ስወጣ፣ ጨው የበላውን የአጥር ብረት እየዳሰሰ ይቆማል፤ ምን አገኘህ ስለው፣ የማን እንደ ሆነች አልለየኋትም ይለኛል። እኔንም ጀምሮኛል፤ አንሶላ ሳጥፍ ከእጄ ሥር የሆነ ነገር እብጥ ይላል፣ ስዘረጋው የለም።

አሁን ቀኑ እየተመለሰ ነው። የስኳር ሕመሙ የወንድሜን የእግር ጣቶች አደንዝዟል፤ ሐኪሟም ተራው የእጁ እንደ ሆነ አልደበቀችንም። ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምንዎ፣ ጣቱ ገና ሳይደነዝዝ ያ ወፍራም ወረቀት እንደገና እንዲታዘዝ፣ ከታተመም በኋላ ምንም እንዳይጫንበት፣ ደግነትዎም ከአጠገቡ እንዲርቅልን ነው።

ወረቀትን ሁሉ በእኩል ዓይን ለሚያዩት ለእርስዎ ረጅም ዕድሜን፣ ከዕድሜዎም በኋላ ስምዎን የሚጠራ ሰው እንዳያሳጣዎ እየተመኘሁ፣ ለታሪኳ ሳልነሣላት የቀረሁት አክባሪዎ፣

ፈንታዬ ብዙዓየሁ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የተለበጡትን ወረቀቶች ከዚህ ጋር መልሻለሁ። ውኃ አያስገቡም፣ በጨርቅ ይወለወላሉ፣ ቢሮዎ ውስጥ ምሳ ሲበሉ ለሰሃን ማስቀመጫ ይሆኑዎታል። ትኩስ ሲያስቀምጡ ብቻ አደራ፤ ከሰሃኑ ሥር ታሪኳ አለች።