የቀጮው ክብደት

ለምወድህ ወንድሜ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ጉልበትህ አሁንም በብርድ ጊዜ ይጠዘጥዝሃል? እኛ ደህና ነን። አራት ዓመት ሙሉ አንዲት መስመር ሳልጽፍልህ ቆይቼ ዛሬ ስለ ጉልበትህ ስጠይቅ ምን ነካት ማለትህ አይቀርም። ታገሰኝ፣ እደርስበታለሁ።

ሥራ ይዣለሁ። የት መሰለህ? ሐይቁ ዳር፣ የውሃ አውሮፕላን ተሳፋሪ መዛኝ ሆኜ! አንተ በጦርነቱ ጊዜ የነዳኸው ዓይነት ነው፤ ጦሩ መጋዘን ውስጥ የጣላቸውን አንድ ኩባንያ ገዛቸው። መትረየሱ ተነቅሎ በቦታው መስኮት ገባ። አሁን ደብዳቤ፣ አስተማሪ፣ ምጥ የያዛት ሴት፣ አንዳንዴም በካርቶን ጫጩት ይጭናሉ። ደሴቶቹ ላይ ማን የአውሮፕላን ሜዳ ይሠራል? ውሃው ራሱ ሜዳ ነው። እኔ ሰዉን ከነሻንጣው ሚዛን ላይ አቆማለሁ። ወፍራሞቹ ጫማቸውን ያወልቃሉ፤ ምን ሊቀንስላቸው እንደሆነ እንጃ!

መቼም ጥያቄ እንደማይሰለቸኝ ታውቃለህ። ለምን እንዲህ ለኪሎ ትጨነቃላችሁ ብዬ ሜካኒኩን ጠየቅኩት። ውሃው ጸጥ ሲል ከሥር መንሳፈፊያዎቹን ይዞ አለቅም ይላል አለኝ፤ ሞገድ ሲኖር ነው የሚላቀቀው። ቀጮው የቀረ ቀን ባሕሩ ጸጥ ብሎ እንደነበር ነግረኸን ነበር። ማን ሰማህ?

ባለፈው ሰኞ የፈቃድ ፍተሻ ነበር። በሰው ፋንታ አሸዋ በጆንያ ይጫንና ስንት ሰው እንደሚያነሣ ይታያል። ይህን ስሰማ ሮጬ ጎረቤታችንን እትዬን ይዣቸው መጣሁ። አዎ፣ የቀጮውን እናት። ዘጠኝ ሰው ከባሕር አውጥቶ የኔን ልጅ ትቶ በረረ፣ አንድ ቀጭን ልጅ ምን ይከብዳል እያሉ ከሰፈር ያስወጡህን እናት። አሥር ይዞ አልነሣ አለኝ፣ ዘጠኙን አድርሼ ስመለስ አጣሁት ብትልም አላመኑህም። እኔም በአፌ አልተናገርኩም እንጂ በልቤ ከእሳቸው ጋር ነበርኩ።

እውነቱን ልንገርህ፣ ፈርቼ ነበር። አሥር ጭኖ ቢነሣስ? ቢነሣ ኖሮ ይህን ደብዳቤ አልጽፍልህም።

ዘጠኝ ጆንያ ሲጫን እየተንገዳገደም ቢሆን ተነሣ። ተመልሶ አረፈና ሜካኒኩ አሥረኛውን ሰባ ኪሎ ሊሞላ ሲል፣ አይሆንም፣ ሃምሳ ስምንት አድርገው አልኩት። አውሮፕላኑ ሐይቁን ከዳር እስከ ዳር አረሰው። ሦስት ጊዜ ሞከረ። መትረየሱ እንኳ ሳይኖር አልተነሣም! ያቺን ጆንያ ሲያወርዷት ወዲያው ተነሣ።

እትዬ ሄደው የወረደችውን ጆንያ በእጃቸው ዳሰሱ። ከዚያ፣ ወንድምሽ እውነቱን ነበር ለካ አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ ዞር ብለው አዩኝና፣ የልጄ ኪሎ ሃምሳ ስምንት መሆኑን አንቺ በምን አወቅሽ፣ እኔ እናቱ እንኳ አላውቅም አሉኝ። አለቀስኩ። ክንዴን ያዙና፣ ምነው ይህን ሁሉ ዓመት ፍቅሩንም ሐዘኑንም ብቻሽን ቻልሽው አሉኝ። እስኪመሽ እዚያው መሳፈሪያው ድልድይ ላይ ተቃቅፈን ተቀመጥን።

ሐሙስ ጠዋት ወደ አንተ በሚመጣው አውሮፕላን ሁለት ቦታ ይዘናል። እትዬ ይቅርታ ሊጠይቁህ ነው። እኔም እንደዚያው። በሞትኩት፣ ሥራ አለኝ ብለህ እንዳትጠፋብን፤ ወደቡ ላይ ቆመህ ጠብቀን።

ፈጣሪ ከክፉ ሁሉ ይጋርድህ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥህ።

አራት ዓመት የበደለችህ፣
እህትህ