ባርኔጣ የሆነው ቁና

ሰበታ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2008 ዓ.ም.

የጎረቤቴ የኦቦ ቶሎሳ የእህል ቁና ትናንት አዲስ አበባ በፋሽን ትርዒት ላይ ባርኔጣ ሆኖ ቀረበ። ዲዛይነሯ ለሙዚየም ነው ብላ የወሰደችባቸው ነው፤ ለታዳሚው ግን "ከቆሻሻ ላይ ያገኘሁት ነው" አለች።

ዛሬ ፎቶውን አሳየኋቸው። መሬታቸው አዲስ አበባን ለማስፋፋት ለወጣው ማስተር ፕላን ከተለካ ወዲህ ብዙ አይናገሩም።

"እኛ ቤት ቁና የሚደፋው እህል ሲያልቅ ነው" አሉ። "እሷ በሰው ልጅ ራስ ላይ ደፋችው። አንተ ጋዜጠኛ አይደለህም እንዴ? ስሜን ጻፈው።"

ጻፍኩት። ዲዛይነሯ ፎቶዋ ጋዜጣ ላይ እንዲወጣላት ስትለማመጠኝ ከርማለች፤ ይወጣላታል። ከሥሩ የባለቤቱን ስም፣ የመሬቱን ነገርና "ቆሻሻ" ያለችውን አስቀመጥኩ። አንድም ቅጽል አልጨመርኩም፤ የምፈልገው እውነቱ ብቻውን እንዲያማት ነው።

ዋና አዘጋጁ ግን ተቃውሞው ከተነሣ ወዲህ ማስተር ፕላን ሲባል ይደነግጣል። ይውጣ አይውጣ በሚመጣው ሐሙስ ይወስናል።