ስለ ምዕራቡ ግንብ አበባ የተሰጠ ቃል

በአላህ ስም እጀምራለሁ። እኔ በሊንሺያ ከተማ በታችኛው ሰፈር ነዋሪ የሆንኩት ጡብ ቀራጺው ሙ ኢድሪስ፣ ዕድሜዬ ሰባ አራት ሆኖ፣ ሳንባዬ ቢታመምም አእምሮዬ ጤነኛ እንደሆነ፣ ማንም ሳይገፋኝና ሳያባብለኝ ይህን የኑዛዜ ቃል እሰጣለሁ። ቀኑ በሂጅራ አቆጣጠር በአንድ ሺህ አራት መቶ አሥራ አራት ዓመት፣ የሻዕባን ወር አሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ማክሰኞ፣ ከቀትር ስግደት በኋላ ነው። ጸሐፊዬ ጎረቤቴ መምህር ና ነው። ምስክሮቼ የመስጊዳችን ኢማም አሆንግ ሻ እና የመስጊዱ ዘበኛ ሽማግሌው ቲዬ ናቸው። ወራሾቼ፣ ወንዱ ልጄ ዩኑስና ሴቷ ልጄ ሳፊየ፣ ከግርጌዬ ተቀምጠዋል። እናታቸው ሐሊመ ካረፈች አምስት ዓመቷ ነው።

መምህር ና እኔ የምናገረውን ብቻ ሳይሆን እዚህ የሚባለውን ሁሉ እንዲጽፍ ለምኜዋለሁ፤ ኋላ «እንዲህ አላለም» የሚል እንዳይነሣ። ስፈርም የአውራ ጣቴ አሻራ ባዶ ቀይ ነጥብ ብቻ ቢሆን ደግሞ ማንም አይጠራጠር። የጣቴን መስመር የጡብ አቧራ ከበላው ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ይህ ራሱ ያስጨንቀኛል። እኔ የማያስጨንቀኝ ነገር የለም።

አንደኛ፤ ቤቱና የፖም ዛፎቹ በሸሪዓው ድርሻ ይከፈሉ። የሰሜኑ ክፍል ጣሪያ ግን በስተግራ በኩል ያፈሳል። ክፍሉ ለሳፊየ ከደረሳት ዩኑስ በረዶው መቅለጥ ሳይጀምር ይጠግንላት። ሳይቃጠል በቅጠል ብዬ አምስት ጊዜ ነግሬዋለሁ።

«ስድስት ጊዜ» አለ ዩኑስ።

ሁለተኛ፤ ለመምህር ና በር አናት የሚሆን የወይን ዘለላ ልቀርጽለት ቃል ከገባሁ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ጨርሼዋለሁ፤ ጎተራው ውስጥ በገለባ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። አንዲት ፍሬ ግን ተሰብራለች። የሚጠይቀው ቢኖር ወፍ በላቻት ይበል። መምህር ና ይህን ሲጽፍ ፈገግ አለ፤ እሱንም ጻፈው አልኩት።

ሦስተኛ፤ ጡብ መቅረጽ ካስተማረኝ መምህሬ የተረከብኳቸው አሥራ ሰባት መሮዎች፣ የእንጨት መዶሻውና የንድፍ ወረቀቶቼ በሙሉ ለዩኑስ ይሰጡ። ዩኑስ ሹፌር ነው፤ ወደ ላንጆ አውቶቡስ ይነዳል። መሮ ከጨበጠ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ በጨበጠበትም ጊዜ ከጡቡ ይልቅ ጣቱን ነበር የሚቀርጸው። ይህ ጠፍቶኝ አይደለም። በእኛ ሙያ ግን ሥራው የሚወርደው ወደ ወንድ ልጅ ነው። ሴት ልጅ ያወቀችውን ይዛ ባሏ ቤት ትገባለች ይባላል። ሳፊየ ባል አግብታ አልሄደችም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ መሮ ስትስልልኝ፣ ንድፍ በመርፌ ስትበሳልኝ፣ ንድፉ ጡቡ ላይ እንዲወርድ ጥላሸት ስትነሰንስልኝ ኖራለች። ቢሆንም ልማድ ልማድ ነው።

አሆንግ ሻ እዚህ ላይ አቋረጡኝና «ለአንዱ ወራሽ በኑዛዜ የሚሰጥ ነገር ሌላው ወራሽ ካልፈቀደ አይጸናም» ብለው ሳፊየን ጠየቋት።

«እሺ ብያለሁ» አለች። ዐይኗን ግን ከምንጣፉ ላይ አላነሣችም።

አራተኛ። መጀመሪያ ውሃ ስጡኝ።

የመስጊዳችንን የምዕራብ ግንብ የቀረጽኩት በሃያ ሰባት ዓመቴ ነው። አዳራሹ ሲሞላ በግቢው የሚሰግድ ሰው ካዕባ ከእኛ በምዕራብ ስለሆነ ፊቱን የሚያዞረው ወደዚያ ግንብ ነው። የሞቱብንም ሰዎች ተኝተው የሚሰገድባቸው እዚያው ሥር ነው። በመካከሉ ትልቁ የሙዳን አበባ አለ፤ የአበባው እምብርት በአንዲት ጡብ ላይ ነው ያለው። በፀደይ የሊንሺያ ሰው ሁሉ በየግቢው የሚያብበውን ሙዳን ይጎበኛል፤ የኔን ግን በክረምትም ሲያዩት ይኖራሉ። ሰው ያከበረኝ በሷ ነው። እንቅልፍ የነሣችኝም እሷው ነች።

ጡብ ከእቶን ሲወጣ በጣት አንጓ ይንኳኳል። ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ በሆዱ ጠጠር የያዘው ይታፈናል። መምህሬ አንዲትም ጡብ ሳላንኳኳ መሮ እንዳላሳርፍባት አስምሎኛል። የዚያን ግንብ ሦስት መቶ ጡቦች አንኳኳሁ። የእምብርቷን ጡብ ግን መልኳ አማረኝና ሳላንኳኳ ተቀበልኳት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ምረቃው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ የመጨረሻውን የአበባ ቅጠል ሳሳሳ፣ መሮዬ ጠጠር አገኘ። ጡቧም ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀች።

አዲስ ጡብ ለማውጣት ሃያ ቀን ይፈልጋል። በእንቁላል ነጭና በሩዝ ሙቅ የሚለወሰው የእኛ ስቱኮ፣ ስንጥቅ የምንሞላበት ሊጥ፣ ለመድረቅ አምስት ቀን ይፈልጋል። ከወንዙ ማዶ በዚያ ሰሞን እስላም ያልሆኑት የሃን ሰዎች ቤተ መቅደስ ቀለም ይቀባ ነበር፤ ቀቢው ሊያንግ ወዳጄ ነበር። የቀቢዎች ስቱኮ ባንድ ቀን እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። በምን እንደሚለወስም በሙያው ያለ ሁሉ ያውቃል። በኖራ፣ በጡብ ዱቄትና በአሳማ ደም ነው።

ሊያንግ አንድ ጎድጓዳ ሳህን ሞልቶ አቀበለኝና «ስማኝ ኢድሪስ፣ ይሄ ነገር እኮ...» ብሎ ጀመረ።

«ዝም ብለህ ስጠኝ» አልኩት።

«ለእናንተ አይሆንም» ሊለኝ ይሁን፣ «ላንተ ብዬ ያለ ደም ለውሼዋለሁ» ሊለኝ ይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። ያልጠየቅሁት እንዳላውቅ ብዬ ነው። ሊያንግ ከሞተ በኋላ ደግሞ የምጠይቀው አጣሁ። ስንጥቁን በሱ ስቱኮ ሞላሁት፣ በጡብ ዱቄት አሸሁት፣ ምረቃው በቀኑ ተደረገ። መምህሬም ግንባሬን ሳመኝ።

ከዚያ በኋላ በፈቃዴ በግቢው ሰግጄ አላውቅም። ለዒድም ለጁምዓም ከሁሉ ቀድሜ መጥቼ አዳራሹ ውስጥ ቦታ እይዝ ነበር። ሰዉም «ቀድሞ መጪው ኢድሪስ» እያለ ለልጆቹ ምሳሌ ያደርገኝ ነበር፤ እኔ ግን የምሸሸው በያቺ አበባ ፊት መስገድን ነው። በአብዮቱ፣ ቅርጻ ቅርጽ በሚሰበርበት ዘመን፣ ግንቡን በጭቃ መርጌ ያዳንኩት እኔ ነኝ፤ ለዚህም ጀግና ተብያለሁ። ጭቃውን እምብርቷ ላይ ስመርግ በልቤ «እንደዚሁ ተሸፍነሽ ቅሪ» እያልኳት ነበር። ጭቃው ሲነሣም ደህና ሆና ወጣች። ሐሊመ ስትሞት እዚያው ግንብ ሥር አስተኟት። «ወደ ጥላው ውሰዱልኝ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አፌን ይዤ ቆምኩ። ከሁሉ የሚያቃጥለኝ ይህ ነው።

ሽማግሌው ቲዬ እዚህ ላይ ማሳል ጀመረ።

«ሳል ያለብኝ እኔ ነኝ፣ አንተ ደግሞ ምን ሆንክ?» አልኩት።

«አቧራ ነው» አለ።

ስለዚህ እንዲህ ብዬ አዛለሁ። ነፍሴ ስትወጣ ያቺ ጡብ ከግንቡ ሳትነቀል ሬሳዬ መስጊዱ ግቢ አይግባ። ከንብረቴ ሸሪዓው እንዳዝበት የሚፈቅድልኝ ሲሶ ለዚህ ሥራ ይዋል። ይህም ቃል በጁምዓ ለሰጋጁ ይነበብ፤ ይቅር የሚለኝ ይቅር ይበለኝ። በምትኳ ማን እንደሚቀርጽ ግን አላውቅም። ዩኑስ አይችልም። ከተማ ያሉት ወጣቶች በማሽን ነው የሚቆርጡት።

አሆንግ ሻ ጺማቸውን ዳሰሱ። «አባ ኢድሪስ፣ ሬሳ እንደማይቆይ እርስዎም ያውቃሉ። እስኪነቀል፣ እስኪቀረጽ ማን ይጠብቃል?»

«እንግዲያው ሳልሞት ንቀሏት። ዛሬውኑ ንቀሏት» አልኩ። ትንፋሽ አጠረኝ። ዩኑስ ከትራሴ ቀና አደረገኝ።

«አባ» አለች ሳፊየ። «እዚያ ላይ ያለችው የእርስዎ ጡብ አይደለችም።»

ድገሚው አልኳት።

«የእርስዎዋ ወድቃለች። የዛሬ ሰባት ዓመት፣ ለአጎቴ ልጅ ሠርግ ሹንኋ ሄደው አሥራ ሁለት ቀን የቆዩ ጊዜ። ውርጩ በስንጥቁ ገብቶ ለሁለት ገመሳት። አባ ቲዬ ነው በሽርጡ ጠቅልሎ ያመጣልኝ።»

«እያለቀስኩ ነው ያመጣሁት በይ እንጂ» አለ ቲዬ። «ኢድሪስ ይህን ካየ በቁሙ ይደርቃል ብዬ።»

«ከንድፍ ወረቀቱ ላይ ገልብጬ አዲስ ቀረጽኩ። ጡቧን ሦስቴ አንኳኩቻታለሁ።»

«በምን አጣበቅሻት?»

«በእንቁላልና በሩዝ። አምስት ቀን ሸፍነን አደረቅናት።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሲመለሱ ከግንቡ ሥር ቆሙና አንጋጠው አዩ። ከዚያ ለመምህር ና ‹ይህን የመሰለ እጅ ዛሬ የለም› አሏቸው። ከዚያ ወዲያ ምን ብዬ ልንገርዎ?»

መምህር ና ብዕሩን አቁሞ «ብለውኛል፤ ባለፈው ዒድም ደግመውታል» አለ።

«ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች ሲባል እሰማ ነበር» አለ ቲዬ። «ለአባቷ መሮ ስታስተምር ያየሁት ግን ይቺን ብቻ ነው።»

ሳፊየ ወደ አልጋው ተጠጋች። «እናቴ ያረፈችው ከዚያ ሁለት ዓመት ቆይቶ ነው። የተሰገደባት በኔ አበባ ፊት ነው። ንጹሕ ነበር፣ አባ።»

አለቀስኩ። መምህር ና ይህን ልተወው ወይ አለኝ፤ አትተወው አልኩት። የተሰማኝ ደስታ ብቻ ነው ብል ግን ውሸት ይሆንብኛል። ቅናትም ተሰማኝ። ዐይኔ ከደከመ ወዲህ ከግንቡ ሥር እየቆምኩ፣ ከቁመቴ በላይ ያለችውን ያቺን አበባ እያየሁ፣ «በወጣትነቴ እንዲህ ነበርኩ» እል ነበር። ለካስ ሰባት ዓመት ሙሉ ሳመሰግን የኖርኩት እሷን ነው።

የወደቀችው ጡብ የት እንዳለች ጠየቅሁ። ሳፊየ ዩኑስን አየችው፤ ዩኑስ ጣሪያውን አየ።

«ኩሽና ናት» አለች በመጨረሻ። «ከኮምጣጣው ጎመን ጋን ሥር። ጋኑ ይንገዳገድ ነበር።»

«ሰባት ዓመት ‹እንዲህ ያለ ጎመን በከተማው የለም› እያሉ ነው የበሉት» አለ ዩኑስ።

ጋኑ አሁኑኑ ይታጠብ አልኩ። አሆንግ ሻ ሳቃቸውን በእጃቸው ሸፍነው «ጋኑ ተቀመጠባት እንጂ ጎመኑ አልነካትም፤ ይረጋጉ» አሉኝ። አልተረጋጋሁም። ጋኑ ይታጠብ።

ሳፊየ ሁለቱን ቁራጭ በጨርቅ ይዛ አመጣችልኝ፤ ወደ መስኮቱ አስጠጋሁትና አየሁት። ስንጥቁ ላይ ያለው ስቱኮ ጠቁሯል። ከምን እንደተሠራ በመልኩ አይለይም፤ ይህን ሳላውቅ እሞታለሁ። የአበባው ቅጠል ግን ወፍራም ነው፤ የተቻኮለ ሰው ሥራ ነው። በሷ አበባ ላይ ያለው ቅጠል ስስ ነው። ይህን የምለው በሙያዬ ነው፤ አባት ሆኜ አይደለም።

ስለዚህ ሦስተኛው ቃሌ ተሽሯል። መምህር ና «ልሰርዘው?» አለ። አይሰረዝ፤ አዲሱ ከሥሩ ይጻፍ፣ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩም ይነበብ። መሮዎቹ፣ መዶሻውና የንድፍ ወረቀቶቹ በሙሉ ለሳፊየ ይሁኑ። አሆንግ ሻ ዩኑስን ፈቃዱን ጠየቁት።

«ከልቤ ፈቅጃለሁ። ጣቴም ያመሰግናታል» አለ።

ከአራተኛው ቃሌ የሬሳዬና የሲሶው ነገር ቀርቷል፤ እንደ ሰው ሁሉ በግቢው አስተኙኝ። አሮጌዋ ጡብ በወንዙ ዳር ትቀበር። ቃሌ በጁምዓ ይነበብ ያልኩት ግን ይጽና፤ ጡቧ ከመውደቋ በፊት አርባ ዓመት በፊቷ የሰገዱ ሰዎች አሉ። አሆንግ ሻ «የሰገዱት ወደ ካዕባ እንጂ ወደ አበባ አይደለም፤ የቀረውን ለአላህ ይተዉት» አሉኝ። ለመተው እሞክራለሁ።

እኛ ጡብ ላይ ስም አንጽፍም። በጀርባው ረድፉና ቁጥሩ ብቻ ይጻፋል። በአዲሷ ጀርባ ምን እንደጻፈች ሳፊየን ጠየቅኋት።

«ሰባተኛ ረድፍ፣ አራተኛ ጡብ» አለች።

«ሌላስ?»

«ሌላ ምን ይጻፋል?»

እንግዲያው እዚህ ይጻፍ። በምዕራቡ ግንብ በሰባተኛው ረድፍ አራተኛዋ ጡብ፣ የሙዳን አበባው እምብርት፣ የሙ ሳፊየ ሥራ ነው።

ይህ ቃል ከላይ እስከ ታች ተነብቦልኝ፣ ያልኩት ይኸው ነው ብዬ አጽድቄዋለሁ። አሆንግ ሻ በዓረብኛ ፊደል ፈርመዋል። ሽማግሌው ቲዬ ማኅተሙን አድርጓል። ጸሐፊው መምህር ና ስሙን ጽፏል። እኔ አውራ ጣቴን ቀይ ቀለም ነክሬ አሳረፍኩ፤ እንዳልኩትም ባዶ ነጥብ ወጣ። ወራሾቹ መፍቀዳቸውን በአሻራ እንዲያጸኑ አሆንግ ሻ አዘዙ። የዩኑስ አሻራ መስመሩ አንድ በአንድ የሚቆጠር ነው። ሳፊየ ከሱ ቀጥላ አሳረፈች። መምህር ና አየውና ቀለሙ አልያዘም መሰለኝ ብሎ እንደገና አስነከራት። ደግማ አሳረፈች። እንደኔው ባዶ ነው።

ሃያ ሁለት ዓመት መሮ ስታቀብለኝ እጇን አይቼው አላውቅም ነበር። ይህንንም ጻፈው አልኩት።