ሲደመር ሁለተኛ፣ ሲካፈል አንደኛ

ሰኞ
ሁለተኛ ነኝ! ሰሌዳው ላይ በቀይ ቀለም ተለጥፏል። ከኮምቦልቻ ፋብሪካችን ሴት ቴኒስ ተጫዋቾች አዲስ አበባ ለሠራተኞች ውድድር የምትሄደው አንዲት ናት፤ እሷም አንደኛዋ፣ ብርቱካን። ለሻምፒዮን 12 ነጥብ፣ በፍጻሜ ለተሸነፈች 8፣ በግማሽ ፍጻሜ ለወደቀች 4። ብርቱካን በዓመቱ ስድስት ውድድር ገብታ 32 ሰበሰበች። እኔ ሦስት ገብቼ 24። በቀሩት ሦስቱ ምን ስሠራ ነበር? ልጅ ስወልድ። ለእሱ ነጥብ የለም።

ማክሰኞ
የዕቃ ግምጃ ቤቱ ጋሽ ይማም አሮጌ የውጭ መጽሔት አላቸው። «በውጭ አገር ቴኒስ የሚኖሩበት ሴቶች ደምረው አያቆሙም፤ ነጥቡን በገቡበት ውድድር ብዛት ያካፍሉታል» አሉኝ። አካፈልን። እኔ 8፣ ብርቱካን 5 ከምናምን። ወላሂ፣ ሒሳብ እንዲህ ጣፍጦኝ አያውቅም!
መጽሔቱን ይዤ ከጋሽ ይማም ጋር ወደ ስፖርት ኮሚቴው ሊቀመንበር፣ ወደ ጓድ ተፈራ ሄድኩ፤ እሳቸው ግን ፊታቸውን አጨፈገጉ። «ይሄ የከበርቴ አሠራር ነው።»
«ጓድ፣ የሚያሰላው እኮ ኮምፒዩተር ነው» አሉ ጋሽ ይማም።
«ሳይንስ ነዋ! ታዲያ ቀድሞ አይነገርም?»

ሐሙስ
ደስታዬ ሁለት ቀን አልሞላም። ጓድ ተፈራ መጽሔቱን ተውሰው እስከ መጨረሻው አስነበቡት። ነጥብ ዓመት ሲሞላው ይሰረዛል፤ የዘንድሮው ውጤት ይተካዋል። አምና ደሴ ላይ ብርቱካንን አሸንፌ ያገኘሁት 12 በዚህ ሳምንት ይሞታል። የእሷም 8 ይሞታል።
ብርቱካን ደሴ ላይ ዋንጫ ከበላች 6 ትሆናለች። እኔ ፍጻሜ ከደረስኩ፣ ብሸነፍም 6 ከምናምን። ግማሽ ፍጻሜ ላይ ከወደቅኩ 5 ከምናምን፤ ደህና ሁኚ አዲስ አበባ።
መጽሔቱን የወሰድኩላቸው ራሴ ነኝ። የምወቅሰው ሰው ፈልጌ አጣሁ።

ቅዳሜ፣ ደሴ
የሐረጎን ዳገት ወጥተን ደሴ ገባን። ግማሽ ፍጻሜ የገጠመችኝ ረጅም የቧንቧ ውሃ መሥሪያ ቤት ልጅ ናት፤ እየመራችኝ ሳለ ልጄ አለቀሰ። ለማጥባት ዕረፍት ጠየቅኩ። ዳኛው ደንቡን አገላበጠ፤ አይፈቅድም፣ አይከለክልም። አጥብቼ ተመልሼ አሸነፍኳት። ፍጻሜ!

እሑድ
ፍጻሜውን ብርቱካን ደበደበችኝ። ከዚያ እሷ ዋንጫዋን ታቅፋ፣ እኔ ልጄን ታቅፌ፣ ጓድ ተፈራ አስፋልቱ ላይ በጠመኔ እስኪያካፍሉ ቆምን። ሦስቴ አካፈሉ። ሦስቴም እኔ በልጬ ወጣሁ።
«ጓድ፣ ያሸነፍኩት እኔ አይደለሁም እንዴ?»
«ሳይንስ ነው፣ ብርቱካን።»
ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ ተሸንፈሽ አዲስ አበባ፣ እኔ ዋንጫ ይዤ ኮምቦልቻ! በይ እንግዲህ፣ እዚያም እንደዛሬው ተጫወቺና አዋርጂን!» ብላ በሳቅ ፈረሰች።
እኔም ሳቅኩ። ከነልጄ፣ በጠመኔ የተጻፈው ነጥቤ ላይ ቁጭ አልኩበት። አራተኛ ጊዜ እንዳያካፍሉት።