ደመቀ ስለታጠቃት የሞገድ መለኪያ

ለተከበሩ ዶክተር በለጥሻቸው፣
በሰፈራችን የሞገድና የጤና ጥናት መሪ፤

እንደምን ሰንብተዋል? የእኛን ጤና ለማጥናት ሲደክሙ የራስዎ እንዳይጓደል ከልብ እመኛለሁ። ሀያቱ ከድር እባላለሁ፤ የመርካቶ ተሸካሚ ነኝ። በኢትዮጵያ ምድር እንደ እኔ ብዙ ሞባይል የተሸከመ ሰው የለም። በጀርባዬ ያለፈው ሁሉ አንድ ላይ ቢበራ ኔትወርኩ ለሳምንት ይጨናነቃል። እርግጥ ነው፣ ሁሉም በካርቶን የታሸገና ያልተከፈተ ነበር፤ ጀርባዬ ግን ይህን አያውቅም።

ጥናትዎን ሰምተናል። በኔትወርክ ማማና በዋይፋይ መካከል ብዙ ዓመት የኖረ ሰው ምን እንደሚሆን በእርግጠኝነት ለማወቅ አሥር ዓመት ልትከታተሉ ነው። ለተመረጠው ሰው ቀበቶ ላይ የምትታሰር መለኪያ ይሰጠዋል፤ በየዓመቱም ሐኪም ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ያየዋል። ይህን በየሻይ ቤቱ አድንቄ ሳልጨርስ፣ የተመረጠው ጎረቤቴ ደመቀ መሆኑን ሰማሁ። የማታ ትምህርት ገብቼ መጻፍ ከቻልኩ አምስት ወር ስለሆነኝ፣ ቅሬታዬን በራሴ እጅ፣ በቁጥር፣ በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ።

1ኛ. ደመቀ ሸማ ተራ ነጠላ ሲሸጥ ነው የሚውለው። ማማው የቆመው ግን ከእኔ ቤት ጎን ነው፤ ዝናብ ሲዘንብ ከብረቱ የሚንጠባጠበው ውሃ እንኳ የሚያርፈው በእኔ ቆርቆሮ ላይ ነው። ሞገዱን ለማጥናት መጥታችሁ ነጠላውን ስለመረጣችሁ እናመሰግናለን።

2ኛ. ደመቀ መለኪያዋን ከታጠቀ ወዲህ አረማመዱ ሳይቀር ተለውጧል። ኮቱን ገለጥ አድርጎ ይሄዳል፤ ደንበኛውም ጨርቁን ትቶ ወገቡን ያያል። ባለፈው ዓርብ አንዋር መስጊድ አጠገብ ሸክም ይዤ ሳልፍ፣ በሰው ፊት «ሀያቱ፣ እባክህ ራቅ በልልኝ፤ ቁጥሬን ታዛባብኛለህ!» አለኝ። ቁጥሬን! እስካለፈው ወር ድረስ የነጠላ ጥለት እንጂ ሌላ ነገር ለክቶ የማያውቅ ሰው!

3ኛ. ራስ ምታት አለብኝ። ከሰዓት በኋላ ከግራ ጆሮዬ ጀርባ ይነሳና ዓይኔ ላይ ይቀመጣል። ከማማው ይሁን ከኑሮ፣ የሚነግረኝ ሐኪም አላገኘሁም። ደመቀ ግን ራሱን አሞት አያውቅም። ክፉ አልመኝለትም፤ ትንሽ ቢያመው ግን አልጠላም።

4ኛ. መዝጋቢያችሁ ደጃችን ድረስ መጥቶ ነበር። ባለቤቴን ሁሪያን «አባወራው አለ?» ብሎ ጠየቃት፤ ሥራ መሄዴን ስትነግረው ወደ ደመቀ ቤት ተሻገረ። ደመቀ ያን ቀን ሱቁን ዘግቶ ተኝቶ ነበር። ለሀገር ሳይንስ መተኛትም ለካ ይጠቅማል።

እንግዲህ ሐኪሙ የእኛንም በር እንዲያንኳኳ፣ ቤታችን ጥናቱ ውስጥ እንዲገባ እለምናለሁ። መለኪያዋ ካለቀች ግድ የለም፤ በዓይንም ቢሆን እንለካ።

ከማማው ሥር፣ ከነቆርቆሮው ከነጀርባው ሳይለካ የቀረው
አክባሪዎ ሀያቱ ከድር

ከፊርማው በኋላ የታከለ፦ አንድ ነገር ዋሽቻለሁ። እኔን ራሴን አሞኝ አያውቅም። የሚያማት ሁሪያ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ማማው ሥር ተቀምጣ ስትሰፋ የምትውለው እሷ ናት፤ ካመማት ሁለት ዓመቷ። «የሰው ወሬ አታድርገኝ» ስላለችኝ ሕመሟን በራሴ ስም ጻፍኩት። መዝጋቢያችሁ ሲያንኳኳም ግንባሯን በሻሽ ጥብቅ አድርጋ አስራ ነበር የከፈተችለት፤ እሱ ግን አባወራ ፈልጎ ሄደ።