ጋኔን ብሎ የገረፈኝ ወንድሜ ሞግዚቴ እንዳይሆን

ግንቦት ፲፪ ቀን ፲፱፻፷ ዓ.ም.

ለጋይንት አውራጃ ፍርድ ቤት
ነፋስ መውጫ

አመልካች፦ መምህርት አመተ ሥላሴ ደምሌ፣ ስማዳ፣ ወገዳ
ተጠሪ፦ አቶ ተሻገር ደምሌ

ጉዳዩ፦ የሞግዚትነት ጥያቄው ተሽሮ ወደ ሐኪም እንድሄድ እንዲታዘዝልኝ ስለ ማመልከት

ለተከበረው ፍርድ ቤት፤

፩. ወንድሜ አቶ ተሻገር «እኅቴ ጋኔን ይዟት አእምሮዋን ስታለች» ብሎ ሞግዚትነት እንዲሰጠው አመልክቷል። ከተሰጠው እንደገና አስሮ ወደ ጠበል ይወስደኛል። ሁለተኛውን ጊዜ በሕይወት አልወጣውም።

፪. አምና አዲስ አበባ የመረመሩኝ ሐኪም በሽታዬ የአንጎልና የአከርካሪ ነርቭ መሆኑን፣ ስሙም መልቲፕል ስክሌሮሲስ እንደሚባል ነግረውኛል። እግሬ ሳላዝዘው የሚፈራገጠው፣ ሽንቴም የሚያመልጠኝ በእርሱ ነው። የሚይዘኝ ትኩሳትና የጎን ውጋት ግን ሌላ ሕመም ነው፤ ፊኛዬ ሽንቱን አሟጦ ስለማያወጣ ኩላሊቴ ይመረቅዛል። ለዚህ የራሱ መድኃኒትና ብዙ ውሃ እንደሚያስፈልግ አስጠንቅቀውኛል።

፫. ወንድሜ ለሁሉም አንድ ስም ሰጠው። በዘንድሮው ዐቢይ ጾም በመጫኛ ጠፍሮ፣ በበቅሎ ጭኖ ወደ ጠበል አወረደኝ። «እንዳትሸኚ» ብሎ ውሃ ከለከለኝ። ከንፈሬ ተሰነጠቀ፤ ትኩሳት አነደደኝ፤ ሽንቴ ደም ሆነ። ቀዝቃዛው ጠበል ሲወርድብኝ እግሬ ተፈራገጠ። «ጋኔኑ ዘለለ!» ብለው እርሱና ጎረቤታችን ሀብቴ በጅራፍ ተቀባበሉኝ። በገረፉኝ ቁጥር እግሬ ይብሳል፤ እግሬ በባሰ ቁጥር ጅራፉ ይበረታል።

፬. ወንድሜ «ማን ነህ? ስምህን ተናገር!» እያለ ጮኸብኝ። «አመተ ሥላሴ ነኝ፤ የእናትህ ልጅ!» አልኩት። «ይዋሻል፤ ድገመው!» አለው ሀብቴን። ጀርባዬ እስኪተለተል ስሜን ብቻ ተናገርኩ። የጋኔን ስም ብጠራላቸው ይተዉኝ ነበር፤ አልጠራሁም። የወንድሜንም እጅ ነክሻለሁ። ጠባሳውን የእብደቴ ማስረጃ አድርጎ እንደሚያቀርብ ሰምቻለሁ፤ ያቅርበው። የእኔም ጀርባ ይታይልኝ።

፭. ያስፈቱኝ የደብሩ ካህን አባ አንዳርጌ ናቸው። «በጠበል ዳር ሰው በውሃ ጥም ይገደላል? እናንተ ናችሁ እንጂ የተያዛችሁት!» ብለው ጅራፉን ነጥቀው ወደ ገደል ወረወሩት። በእጃቸው ያጠጡኝም ያንኑ ጠበል ነው። ስለዚህ ጠበሉን አልከሰስኩም፤ የከሰስኩት ወንድሜን ነው። አባ ተጠርተው ይመስክሩልኝ።

የተከበረው ፍርድ ቤት የወንድሜን ጥያቄ ሽሮ፣ እርሱንና ሀብቴን በድብደባ እንዲጠይቅልኝ፣ እኔም ኩላሊቴ ሳይበሰብስ ወደ ሐኪም እንድሄድ እንዲያዝልኝ በአክብሮት አመለክታለሁ። በችሎት ፊት እግሬ ቢፈራገጥ፣ ቀሚሴም ቢረጥብ አላፍርም። ማን እንደሆንኩ ብቻ ልጠየቅ፤ በጅራፍ ሥር የሰጠሁትን መልስ እሰጣለሁ።

ከአክብሮታዊ ሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
አመተ ሥላሴ ደምሌ